ክርክር፦ በርሊን ውሃዋን መልሳ ስትገዛ ማን ከፈለ?

የቬዲንጉ፦ ትናንት እዚሁ አንድ ሰው «በርሊን ውሃና ፍሳሹን ከግል ኩባንያ ነጥቃ ከሰረች፤ አዲስ አበባ ግን ለግል ብትሰጥ ቧንቧው በፈረቃ አይመጣም ነበር» ብሎ ጽፎ ሄደ። ደሜ ነው የፈላው። ማንም አልነጠቀም። ከተማው በ1999 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) 49.9 በመቶውን ለጀርመኑ የኃይል ኩባንያ ኤርቬኤ (RWE) እና በኋላ ቬኦሊያ ለተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ በ3.3 ቢሊዮን ማርክ (ወደ 1.7 ቢሊዮን ዩሮ) ሸጠ። በ2012 የኤርቬኤን ድርሻ በ618 ሚሊዮን ዩሮ፣ በ2013 የቬኦሊያን በ590 ሚሊዮን መልሶ ገዛ። ከማንም ኪስ አንድ ሳንቲም አልወጣም። ብድሩ የሚከፈለው ድርጅቱ ከሚያተርፈው ነው።

ቆጣሪ፦ «ከማንም ኪስ አንድ ሳንቲም አልወጣም»? ድርጅቱ ከማን ነው የሚያተርፈው? ቧንቧ ከሚከፍተውና ሽንት ቤት ከሚጠቀመው ነው። ብድሩ የ30 ዓመት ነው። ልጆችህም ይከፍሉታል።

የቬዲንጉ፦ ድሮም እንከፍል ነበር። ልዩነቱ ያኔ ትርፉ ለባለአክሲዮን መሄዱ ነው።

ቆጣሪ፦ እሱን አልጠየቅኩህም። «አንድ ሳንቲም አልወጣም» ስላልከው ነው የጠየቅኩህ።

ሀና ከኖይኮልን፦ ቆጣሪ፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር ይዘህ ዋናውን ነገር አታስረሳን። የ1999ኙን ውል አንብበኸዋል? ለገዢዎቹ ትርፍ በዋስትና ነበር የተሰጣቸው። በመንግሥት ቦንድ ወለድ ላይ 2 የመቶኛ ነጥብ ተጨምሮ። የበርሊን ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ያንን ጭማሪ በዚያው ዓመት ሲሽረው፣ ውሉ ውስጥ የጎደለውን ከተማው ከራሱ ድርሻ ይሙላ የሚል አንቀጽ ተገኘ። ፍርድ ቤት የከለከለውን ትርፍ ከተማው ራሱ ከፈለላቸው ማለት ነው። ይህ ሁሉ ደግሞ በምስጢር። በ2004 ዋጋው በአንዴ 15 በመቶ ገደማ ሲጨምር ለምን እንደሆነ ሕዝቡ አያውቅም ነበር።

ጋሼ መ.፦ ልጆች፣ እኔ ያን ጊዜ እዚሁ በርሊን ነበርኩ። ከተማው የበጀት ቀዳዳ ነበረበት። የበርሊን ግንብ ከፈረሰ በኋላ ከፌዴራል መንግሥት ይመጣ የነበረው ድጎማ ቀረ፣ ዕዳው ተቆለለ። የሸጡት ስለቸገራቸው ነው። ከዚያ ደግሞ ሒሳቡን እዩት። ወደ 1.7 ቢሊዮን ዩሮ ሸጠው በ1.2 ቢሊዮን ገዙ። የቱ ላይ ነው ኪሳራው?

ሀና ከኖይኮልን፦ ጋሼ፣ በአክብሮት፣ በመሀሉ ያሉትን 13 ዓመታት የት ጣሏቸው? ቤት ሸጠው፣ ገዢው 13 ዓመት አከራይቶ በልቶበት፣ በርካሽ መለሰልኝ ይላሉ? የግማሽ ባለቤት ሳይሆኑ ከግማሽ በላይ ትርፍ ሲወስዱ ነበር።

ጋሼ መ.፦ ውል ውል ነው። ከተማው ፈርሟል። ቅር ካለሽ የፈረሙትን ጠይቂ።

ቆጣሪ፦ እኔም የምለው ይህንኑ ነው! ቫሰርቲሽ የሚባሉት ነዋሪዎች ውሉ ሕገወጥ ነው፣ በፍርድ ቤት ይፍረስ ሲሉ ነበር። በየካቲት 2011 ሕዝበ ውሳኔ 666 ሺህ ያህል ሰው ድምፅ የሰጠው ምስጢራዊው ውል ይፋ ይውጣ ብሎ ነው። በውድ ግዙልን ብሎ አይደለም። ከተማው ግን ክርክሩን ትቶ ቼክ ጻፈ። ቬዲንጉ ይህን ድል ይለዋል።

የቬዲንጉ፦ ድል ነው። ፍርድ ቤት ቢገባ ስንት ዓመት ይፈጅ ነበር? ቢሸነፍስ? ያ ሁሉ ሲሆን ትርፉ በየዓመቱ ይወጣ ነበር። ደግሞ አንተ በሕዝበ ውሳኔው ቀን የት ነበርክ?

ቆጣሪ፦ ፓስፖርት ስላልነበረኝ አልመረጥኩም። የጀርመን ዜጋ ብቻ ነው የመረጠው። ሒሳቡን ግን ዜጋም ያልሆነው ሁሉ ይከፍላል። ድምፅ አልሰጠህም ብለህ አፌን ልታስይዘኝ አትችልም።

ሀና ከኖይኮልን፦ በዚህስ ቆጣሪ ልክ ነው። ቬዲንጉ፣ ይህን ለሰው መናገር አልነበረብህም። ግማሻችን ያኔ ወረቀት ጠባቂ ነበርን።

የቬዲንጉ፦ እሺ፣ ለክፋት አይደለም። ግን የዋጋውን ነገር ተመልከቱ። የካርቴል መሥሪያ ቤቱ (የገበያ ውድድርን የሚቆጣጠረው) በ2012 የመጠጥ ውሃ ዋጋ ከልክ በላይ ነው፣ ቀንሱ ብሎ አዘዘ። ቀነሱ።

ቆጣሪ፦ ቀነሱ? ከተማው ሙሉ ባለቤት ከሆነ በኋላ እንኳ ድርጅቱ ያንን ትእዛዝ ዱሰልዶርፍ ፍርድ ቤት ሲሟገተው ነበር። በ2014 መጀመሪያ ነው የተረታው። የሕዝብ ድርጅት ነው የምትለው ሕዝቡ ርካሽ ውሃ እንዳያገኝ ተከራከረ። ትእዛዙ ደግሞ የመጠጥ ውሃን እንጂ ፍሳሽን አይነካም። ኔበንኮስተኔ (ከቤት ኪራይ በላይ የምከፍለው ተጨማሪ ወጪ) ላይ የሚከብደው ፍሳሹ ነው።

የጀሞ ነዋሪ፦ ይቅርታ፣ ትናንት የጻፍኩት እኔ ነኝ። እናንተ ስለ ዋጋ ትጨቃጨቃላችሁ። እኛ ውሃ ይመጣል አይመጣም ነው ጭንቀታችን። ፈረቃው ሳምንት ዘሎ ይመጣል። ሮቶ የሌለው በጀሪካን ይገዛል፣ ያለው ቦቴ ይጠራል። ጀሪካን የሚገዛው ድሃ ቧንቧ ካለው ሀብታም በላይ ይከፍላል። የመንግሥት ነው፣ የሕዝብ ነው የሚለው ቃል አንድ ባልዲ አይሞላልኝም። ሳፋሪኮም ሲገባ ቴሌ አልተሻሻለም?

ሀና ከኖይኮልን፦ ወንድሜ፣ ችግርህ እውነት ነው፤ እናቴም በዚያው ፈረቃ ነው የምትኖረው። ምሳሌህ ግን አይሆንም። ቴሌ ዋጋ በብዙ የቀነሰው በ2018 ነው። ሳፋሪኮም ሥራ የጀመረው በ2022። ደግሞ ሁለት ሲም ካርድ መያዝ ይቻላል። አንድ ሰፈር ውስጥ ሁለት የውሃ መስመር፣ ሁለት የፍሳሽ መስመር ማን ይዘረጋል? ኩባንያው ሲገባ ብቻውን ነው የሚገባው። ካልጣመህ የት ትሄዳለህ?

የጀሞ ነዋሪ፦ አሁንስ የት ነው የምሄደው?

የቬዲንጉ፦ ዳሬሰላምን እይ። በ2003 የእንግሊዙ ባይዎተርና የጀርመኑ ጋውፍ ያሉበት ኩባንያ ውሃውን ተረከበ። በ2005 መንግሥት ውሉን ሰርዞ አባረራቸው። ወደ ዓለም አቀፍ ዳኝነት ሄዱ።

ጋሼ መ.፦ ሄደው ካሳ አላገኙም። ጨርሰህ ተናገር።

የቬዲንጉ፦ አላገኙም። ግን ታንዛኒያ ዓመታት ስትከራከር ከረመች። ውሃውስ ተስተካከለ?

የጀሞ ነዋሪ፦ ታዲያ ለገዳዲ፣ ገፈርሳ፣ ድሬ፣ የአቃቂ ጉድጓድ፣ ሁሉም የመንግሥት ናቸው። ተስተካከለ? የበርሊን ውሃ እኮ ከራሷ ከከተማዋ መሬት ሥር ነው የሚወጣው። ሲሸጥም ሲገዛም በቧንቧው ውሃ ነበር። የእኛ ውሃ ሩቅ ነው፣ መስመሩ አርጅቷል፣ ከተማው በየዓመቱ ይሰፋል። ገንዘቡን የሚያመጣ ሰው ስጡኝና ስሙ ማንም ይሁን።

ቆጣሪ፦ ይምጣ። ግን የሚፈርመው ውል ከመፈረሙ በፊት አደባባይ ይለጠፍ። ስንት ትርፍ እንደተረጋገጠለት፣ ቢለቅ ስንት እንደሚከፈለው። በርሊን ያንን ውል ያየችው ከ10 ዓመት በላይ ቆይታ ነው።

ጋሼ መ.፦ ማን ባለሀብት ነው ውሉን አደባባይ ለጥፎ የሚገባው? እንዲህ ካላችሁ ማንም አይመጣም።

ሀና ከኖይኮልን፦ ካልመጣ ይቅር! ውሉን መደበቅ የሚፈልግ ውሃችንን አይንካ።

የጀሞ ነዋሪ፦ «ካልመጣ ይቅር» ማለት በርሊን ሆኖ ቀላል ነው።

ሀና ከኖይኮልን፦ እናቴ እዚያ ናት አልኩህ እኮ።

የቬዲንጉ፦ ቆጣሪ፣ እኔ የ2011ን እና የዘንድሮን የኔበንኮስተን ወረቀት ፎቶ አንስቼ ነገ እልካለሁ። አንተም ላክ። የዋጋ ንረቱን አስልተን እንተያይ።

ቆጣሪ፦ ላክ። ፍሳሹንና የዝናብ ውሃ ክፍያውንም ጨምረህ። እስከዚያው «አንድ ሳንቲም አልወጣም» የምትለውን አንሳልኝ።

የቬዲንጉ፦ አላነሳም።