«ሎቢ» በአማርኛ ምን ይባላል? ደጅ ጥናት፣ ምልጃ ወይስ ማግባባት?

ጠያቂ፦
የምሠራው ዋሽንግተን ነው። ለፖሊስና ለእሳት አደጋ መሥሪያ ቤቶች የሬዲዮ መገናኛ የሚዘረጋ አንድ ተቋራጭ አለ። እኔ በእሱ ስም የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን እየዞርኩ ደንቡ እንዲሻሻል፣ ሞገድ እንዲፈቀድ አስረዳለሁ። እናቴ በስልክ ሥራዬን ብትጠይቀኝ «ሎቢ አደርጋለሁ» አልኳት። «ሆቴል እንግዳ ትቀበላለህ?» አለችኝ። እባካችሁ ሌላ ቃል ስጡኝ።

ፊደል ወዳድ፦
እናትህ ብዙም አልተሳሳቱም፤ «ሎቢ» በእንግሊዝኛ የሕንፃ መግቢያ አዳራሽ ነው፤ የሥራው ስምም የመጣው ከዚያው ነው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ግራንት በዋሽንግተኑ ዊላርድ ሆቴል አዳራሽ ሲያጨሱ ባለጉዳዮች ስለከበቧቸው ተወለደ የሚባለው ግን ተረት ነው። ግራንት ሥልጣን የያዙት እ.ኤ.አ. በ1869 ሲሆን፣ ቃሉ ከዚያ በፊት የምክር ቤት አባላትን መተላለፊያ ላይ ጠብቀው ለሚያነጋግሩ ሰዎች ይነገር ነበር። እኛም በቦታው የሰየምነው አለን፦ ደጅ ጥናት። ከዚህ የተሻለ አይገኝም።

የቀለም ቀንድ፦
አይሆንም። ደጅ ጠኚ የሚጠናው ለራሱ ነው። ድሮ ሹመት ፈልጎ ወይም ርስቱ ተወስዶበት ከጌታው ደጅ ይከርም ነበር፤ ጌታው ሲወጣ እጅ ይነሳል፣ እስኪታይ ይቆማል። ስንቁም ከገዛ ቤቱ ነበር። ጠያቂያችን ግን የሚናገረው ለሌላ ነው፣ ደመወዝም አለው። ለሌላ የሚናገር «አማላጅ» ይባላል፤ ነገር ግን «ማለደ» ከሚለው ከዚያው ግሥ «መማለጃ» ይወጣል፤ በቀድሞው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ መማለጃ ማለት ጉቦ ነው። ልመናውና ገንዘቡ የአንድ ግሥ ልጆች ሆኑ ማለት ነው። አማርኛ አንዳንዴ ከእኛ ይልቅ ግልጽ ነው።

ጠያቂ፦
ኧረ መማለጃውን ከእኔ አርቁልኝ! እዚህ ሀገር እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ ሕግ አለ፤ ተመዝግበን፣ ለማን ምን እንደሠራንና ስንት እንደተከፈለን በየሦስት ወሩ እናሳውቃለን። የሬዲዮ ሞገድን ከሚቆጣጠረው ከፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ሰዎች ጋር ስለ አንድ የደንብ ረቂቅ ከተነጋገርኩ ደግሞ ማን እንደተገኘና ምን እንዳልኩ ጽፌ በሁለት የሥራ ቀናት ውስጥ ለሕዝብ በተከፈተ መዝገብ ማስገባት አለብኝ። ባለፈው ሐሙስ የሃያ ደቂቃ ስብሰባ ነበረኝ፤ ማስታወሻውን ስጽፍ አመሸሁ።

ነገር አዋቂ፦
ታዲያ «ነገረ ፈጅ» አትልም? ውክልና ይዞ የሌላውን ጉዳይ የሚከታተል ነው።

የቀለም ቀንድ፦
ነገረ ፈጅ ፍርድ ቤት ፍርድ ቤት ይሸታል። «ጉዳይ ገዳይ» እንዳትሉ እንጂ፤ እሱ ከመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ፋይል ይዞ «ዛሬውኑ አስጨርስልሃለሁ» የሚለው ደላላ ነው። የበጎ አድራጎት ድርጅቶች «ውትወታ» ይላሉ፤ ለእኔ ግን ውትወታ ሕፃን ስለ ከረሜላ እናቱን የሚያደርጋት ነው። ጋዜጦቹ የያዙት «ማግባባት» ይሻላል፤ የሚያግባባ ሰው ያስረዳል፣ ያሳምናል፣ ውሳኔውን ግን ለባለ ሥልጣኑ ይተዋል።

ፊደል ወዳድ፦
ተሸነፍኩ፤ ግን ደጅ ጥናት ውበቱ አይረሳኝም።

ጠያቂ፦
ትናንት ማታ ደውዬ «እማዬ፣ አግባቢ ነኝ» አልኳት። ዝም አለችና «ሽማግሌ ሆነህ ሰው ታስታርቃለህ ማለት ነው? ታዲያ ለሽምግልና ገንዘብ ይቀበላሉ እንዴ?» አለችኝ።