ከፒኤስ 4 ወደ ፒኤስ 5፦ የአፕግሬዱ ሒሳብ ጎንደር ላይ ያዋጣል ወይ?

ፒያሳ ጌም

ሰላም ለሁላችሁ። ፒያሳ ላለች ትንሽ ጌም ቤት ምክር ፈልጌ ነው። ያሉት ዕቃዎች ሁለት ፒኤስ 4 (ፕሌይስቴሽን 4) ስሊም (500 ጊጋ፣ ሁለቱም ክራክ ያልሆኑ፣ ማለትም ያልተጠለፉ)፣ አንድ 32 እና አንድ 43 ኢንች ቲቪ፣ አራት ጆይስቲክ። ሲዲዎቹ ጎድ ኦፍ ዋር ራግናሮክ፣ ሆራይዘን ፎርቢድን ዌስት፣ ጎስት ኦፍ ሱሺማ የድሮው፣ ጂቲኤ 5፣ ዩኤፍሲ 4 እና ኤፍሲ 24 (በፊት ፊፋ ይባል የነበረው የኳስ ጌም) ናቸው። አሁን አንድ ፒኤስ 5 ለመጨመር ታስቧል። ዲጂታሉ ረከስ ስለሚል እሱ ይበቃል ወይ? ፕሮውስ? ያሉት ሲዲዎች በነጻ ወደ ፒኤስ 5 ይቀየራሉ የሚሉኝ አሉ፣ እውነት ነው? ኤፍሲ 26ንስ አሁን ልግዛ ወይስ ዋጋው እስኪወርድ ልጠብቅ? መብራቱንም አትርሱት፣ የከተማችንን መብራት ታውቁታላችሁ።

የቀሃ ልጅ

ዲጂታሉን እርሳው። ሲዲ ማስገቢያ ይዞ አይመጣም፤ ስለዚህ ማንበቢያ ለብቻው ካልገጠምክለት የዘረዘርካቸው ስድስቱም ሲዲዎች ለሱ ባዶ ፕላስቲክ ናቸው። የሲዲ አፕግሬድ የሚሠራው ፒኤስ 5ቱ ራሱ ሲዲውን ሲያነብ ብቻ ነው። ፕሮው ደግሞ በኖቬምበር 2024 በ700 ዶላር ሲወጣ እንኳ ሲዲ ማንበቢያ አልነበረውም፣ ለብቻው 80 ዶላር ገደማ ጨምረህ ነው የምትገጥምለት። ጥቅሙም በደንብ የሚታየው 4ኬ ቲቪ ላይ ነው። ለ32 ኢንች ቲቪ ፕሮ መግዛት ብር መበተን ነው።

ስለዚህ የሚቀርህ ስሊም ባለ ሲዲው ነው። አንድ የሚረሳ ነገር አለ፦ የስሊሙ ሲዲ ማንበቢያ ተነቃይ ስለሆነ መጀመሪያ ሲገጠም ከኮንሶሉ ጋር በኢንተርኔት መመዝገብ አለበት። አንዴ ብቻ ነው፣ የስልክ ሆትስፖትም ይበቃዋል። ግን ኔትወርክ በሌለበት ቀን ከካርቶኑ አውጥተህ ሲዲ ብታስገባ አያነብልህም፤ ያን ጊዜ ተበላሽቷል ብለህ ሻጩ ጋ እንዳትሮጥ።

ዋጋ ይወርዳል ብሎ መጠበቅ በዚህኛው ትውልድ አልሠራም። ፒኤስ 5 በ2020 አሜሪካ ውስጥ ባለ ሲዲው 499፣ ዲጂታሉ 399 ዶላር ነበር። በኦገስት 2025 ባለ ሲዲው 549.99፣ ዲጂታሉ 499.99 ገባ። በፊት ኮንሶል ሲያረጅ ይረክስ ነበር፣ አሁን ሲያረጅ ይወደዳል። በዚያ ላይ በሐምሌ 2016 የምንዛሬው ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የብሩን ነገር አንተው ታውቀዋለህ። ዘንድሮ መግዛትህ ካልቀረ መጠበቅ አያተርፍህም።

አሁን ወደ ሲዲዎችህ። «በነጻ ይቀየራል» የሚለው ወሬ ግማሹ እውነት ነው። ሆራይዘን በነጻ ይቀየራል። ሶኒ በሴፕቴምበር 2021 ይህን ነጻ አፕግሬድ ከመደበኛው የፒኤስ 4 ቅጂ ነፍጎ ነበር፣ ሰው ሲጮህበት መለሰው፤ ከሱ በኋላ ለሚወጡት የራሱ ጌሞች ግን 10 ዶላር እንደሚያስከፍል ያኔውኑ ተናገረ። ራግናሮክ ባለ 10 ዶላሩ ውስጥ ነው። የድሮው ሱሺማ ወደ ፒኤስ 5 ዳይሬክተርስ ከት (የተስፋፋው ቅጂ) ለመሻገር 30 ዶላር ይጠይቃል፣ ለዚህ ጌም አይመከርም። ጂቲኤ 5 አፕግሬድ የሚባል ነገር የለውም፣ በማርች 2022 የወጣው የፒኤስ 5 ቅጂ ለብቻው የሚገዛ ዕቃ ነው። ዩኤፍሲ 4 የፒኤስ 5 ቅጂ የለውም።

ይህ ሁሉ ሆኖ ምንም ሳትከፍል ስድስቱም እንደ ፒኤስ 4 ጌም ፒኤስ 5 ላይ ይሠራሉ። መጀመሪያ እንዲሁ ሞክራቸው።

ዋናው ወጪ ደግሞ 10 ዶላሩ አይደለም፣ ዳታው ነው። አፕግሬድ ስታደርግ የፒኤስ 4 ሲዲው እንደ ቁልፍ ብቻ ያገለግላል፤ የፒኤስ 5 ጌሙ ሙሉ በሙሉ ከኢንተርኔት ነው የሚወርደው። እንደ ራግናሮክ ያለው ከ80 ጊጋ አያንስም። አውርደህ ከጨረስክ በኋላም በተጫወትክ ቁጥር ሲዲው ውስጡ መኖር አለበት። የፒኤስ 5 ሲዲ ብትገዛ ግን ጌሙ ከሲዲው ላይ ይጫናል፣ ከኢንተርኔት የምትፈልገው አፕዴቱን ብቻ ነው። እና የፒኤስ 4 ሲዲውን ሸጠህ ጥቂት ጨምረህ የፒኤስ 5ቱን ብትገዛ ከአፕግሬዱ የሚረክስበት ጊዜ አለ። የአንድ ጊጋ ዋጋን በ80 አባዝተህ አስላው።

ሌላው የሲዲው አገር ነው። ሽፋኑ ላይ ያለውን የዕድሜ ምልክት እይ፦ ኢኤስአርቢ ከሆነ የአሜሪካ፣ ፔጊ ከሆነ የአውሮፓ ገበያ ነው። ከሌላ አገር የመጣ ሲዲ በአሜሪካ አካውንት ጌሙ ራሱ ይከፈታል፣ የአፕግሬዱ ቅናሽ ግን ላይታይልህ ይችላል። ስለዚህ ጊፍት ካርድ (የስቶሩን መክፈያ ካርድ) ከመግዛትህ በፊት ሲዲውን አስገባና የጌሙ ገጽ ላይ የሚጠይቅህ 10 ዶላር መሆኑን አረጋግጥ። ሙሉውን ዋጋ ካሳየህ አገሩ አልተገጣጠመም ማለት ነው።

ማራኪ 11

ስለ ሲዲዎቹ የተባለው ልክ ነው። ግን ወንድምዓለም፣ ደንበኛህ ኳስ ተጫዋች ከሆነ ራግናሮክ ተቀየረ አልተቀየረ ምን ይጨምርልሃል? ጌም ቤት የሚኖረው በኤፍሲ ነው፣ ከዚያ ተነስተህ አስብ።

ኤፍሲ 26 የወጣው መስከረም 16 ቀን 2018 ነው፣ የደመራ ዕለት፤ ለፒኤስ 4ም ወጥቷል። የፒኤስ 4ቱ ቅጂ የሜዳውና የተጫዋቹ እንቅስቃሴ ከፒኤስ 5ቱ ያንሳል፣ በኦንላይንም ሁለቱ እርስ በርስ አይጋጠሙም። ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጦ ለሚጫወት ሰው ግን ልዩነቱ ያን ያህል ገበያ አያሳጣም። በጨዋታ ሒሳብ የምታስከፍል ከሆነ ፒኤስ 5 የሚጠቅምህ ቶሎ ስለሚከፍት ነው፣ በሁለት ጨዋታ መካከል የሚባክነው ጊዜ ይቀንሳል።

ጌሙን በሲዲ ሳይሆን ከፕሌይስቴሽን ስቶር በዲጂታል ከገዛህ፣ ስቶሩ ላይ ከስሙ ሥር «ፒኤስ 4» እና «ፒኤስ 5» ሁለቱም መጻፋቸውን እይ። ከተጻፉ በአንድ ክፍያ ሁለቱንም ቅጂ አገኘህ። ከዚያ ያንኑ አካውንት አንዱ ፒኤስ 4 ላይ «ፕራይመሪ» አድርገህ አንቃው፣ ፒኤስ 5ቱ ላይ ደግሞ «ኮንሶል ሼሪንግ ኤንድ ኦፍላይን ፕሌይ» የሚለውን ክፈት። አንድ አካውንት አንድ ፒኤስ 4 እና አንድ ፒኤስ 5 በዚህ መንገድ ይይዛል፣ ሁለቱም ያለ ኢንተርኔት ይከፍታሉ። ሁለተኛው ፒኤስ 4 ኤፍሲ 24 ላይ ይቆይ። (የሶኒ ውል ለግል መጠቀሚያ ብቻ እንደሚል እወቀው፣ ጌም ቤት ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚሠራው።)

ግዢውን በተመለከተ፦ ገና እንደወጣ 70 ዶላር መክፈል ለቸኮለ ሰው ነው። ኤፍሲ በየዓመቱ በኖቬምበር መጨረሻ ብላክ ፍራይደይ ላይ ዋጋው ይቀነሳል። ፊፋ 22 በሜይ 2022፣ ኤፍሲ 24 በሜይ 2024 ለፕላስ (በክፍያ የሚገባበት የሶኒ አገልግሎት) አባላት ያለ ተጨማሪ ክፍያ ተሰጥተዋል፤ በየዓመቱ ይሆናል ብለህ ግን አትመን። ኢፉትቦል የሚባለው ሌላው የኳስ ጌም ነጻ ነው፣ ኦንላይን ለመጫወትም ፕላስ አይፈልግም፤ ኢንተርኔት በሌለበት ግን ብዙም አይረባህም።

አካውንቱን ስትከፍት ተጠንቀቅ። ኢትዮጵያ በፕሌይስቴሽን ስቶር አገሮች ዝርዝር ውስጥ የለችም፣ የግድ የሌላ አገር መርጠህ ነው የምትከፍተው። አንዴ የመረጥከው አገር በኋላ አይቀየርም፣ ጊፍት ካርዱም የዚያው አገር መሆን አለበት። በአሜሪካ አካውንት ላይ ደግሞ እንደ ግዛቱ ታክስ ይታከላል፤ 69.99 ለሚል ጌም የ70 ዶላር ካርድ ሞልተህ በጥቂት ዶላር የምትሰናከለው በዚህ ነው። የተሳሳተ ቅጂ ከገዛህ ገንዘቡን ማስመለስ የሚቻለው በ14 ቀን ውስጥ፣ ያውም ዳውንሎድ ካልጀመርክ ነው። አውቶማቲክ ዳውንሎዱን ቀድመህ አጥፋው።

ፒያሳ ጌም

እግዜር ይስጥልኝ፣ ብዙ ነገር ግልጽ ሆነልኝ። ሁለት ነገር ልጨምር። ያለ ካርቶን የሚሸጥ የመጀመሪያው ትልቁ ፒኤስ 5፣ ባለ ሲዲው፣ ከአዲሱ በብዙ ቀንሶ ተገኝቷል። ምን ምን ይታያል? ደግሞ የፒኤስ 4 ጆይስቲኮቹ እሱ ላይ ይሠራሉ?

የብየዳ ሰው

ከጆይስቲኩ ልጀምር፣ ብዙ ሰው ከገዛ በኋላ ነው የሚደነግጠው። የፒኤስ 4 ጆይስቲክ ፒኤስ 5 ላይ ይሠራል፣ ግን ለፒኤስ 4 ጌሞች ብቻ። የፒኤስ 5ቱን ኤፍሲ ስትከፍት አይቀበልህም። የፒኤስ 5 ጆይስቲክ ደግሞ ፒኤስ 4 ላይ አይሠራም። ከኮንሶሉ ጋር የሚመጣው አንድ ነው፣ ስለዚህ ሁለተኛ ጆይስቲክ (አሜሪካ 75 ዶላር ገደማ) ከዛሬው በጀትህ ውስጥ አስገባ። እስኪገኝ ድረስ መላ አለ፦ ማራኪ 11 ያለውን ሁለቱን ቅጂ የያዘ ኤፍሲ ከገዛህ፣ ፒኤስ 5ቱ ላይ የፒኤስ 4ቱን ቅጂ ጫንና በአሮጌዎቹ ጆይስቲኮች አጫውት።

ያገለገለውን ስትፈትሽ ሁለት ሲዲ ይዘህ ሂድ፣ አንድ የፒኤስ 4 አንድ የፒኤስ 5። በትልቁ ፒኤስ 5 የሲዲ ማንበቢያው ትንሿ ቦርድ ከማዘርቦርዱ ጋር የተጣመረች ናት። ሰው ከሌላ ማሽን ነቅሎ ቀይሮት ከሆነ ሲዲ አያነብም፣ በሌላ ማንበቢያ ብትቀይረውም ዋናዋ ቦርድ ከጠፋች መዳኛ የለውም። «ሲዲው ቀላል ነገር ነው፣ ታሠራዋለህ» የሚል ሻጭ ካጋጠመህ ተመለስ። ቀጥሎ በሆትስፖት የራስህን አካውንት አስገባበት፤ ከፕሌይስቴሽን ኔትወርክ የታገደ ኮንሶል እዚያው ይታወቃል። ከዚያ ከባድ የፒኤስ 5 ጌም ከፍተህ 40 ደቂቃ ያህል አቆየው። ማራገቢያው እየጮኸ ከሄደ ወይም በሙቀት ማስጠንቀቂያ ከጠፋ፣ ወይ አቧራ ነው ወይ ተከፍቷል። ይህ ማሽን ፕሮሰሰሩ ላይ የተቀባው ፈሳሽ ብረት ነው፤ ሳያውቅ ከፍቶ ተራ ፔስት የቀባበት ካለ ሙቀቱን አይችለውም፣ ፈሳሹ ከቦታው ፈስሶ ከሆነ ደግሞ ቦርዱን ሾርት ያደርጋል። ለአቧራ መክፈትም አያስፈልግም፤ የጎን ሽፋኖቹ ያለ ብሎን ይወጣሉ፣ ከበታቻቸው ያሉትን ሁለት የአቧራ ቀዳዳዎች በቫክዩም መሳብ ነው። የኤችዲኤምአይ ገመዱን ሰክተህ በእጅህ በቀስታ ነካ ነካ አድርገው፣ ምስሉ ብልጭ ካለ ሶኬቱ ላልቷል።

መብራት። ኮንሶሉ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል፣ ቮልት ቢወርድ ብዙም ግድ የለውም። የሚጎዳው መብራት ሲመለስ የሚመጣው ግፊት ነው። ዲቫይደር መከላከያ አይደለም። ሲመለስ ደቂቃዎች ዘግይቶ የሚያበራ ስታብላይዘር አድርግ። ከቻልክ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ደቂቃ የሚይዝ ባትሪ) ጨምር፤ ፒኤስ 5 ሲጫወት 200 ዋት አካባቢ ይበላል፣ 43 ኢንች ቲቪ ሲታከልበት 300 ይጠጋል። 650 ቪኤ ዩፒኤስ ጫፉ ላይ ነው የሚሠራው፣ 1000ውን ውሰድ። የሚሰጥህም ጨዋታውን ሴቭ አድርገህ የምታጠፋበትን ደቂቃ ነው እንጂ ጨዋታ የምትጨርስበትን አይደለም። ሬስት ሞድ (ሳይጠፋ የሚያሸልብበትን) አትጠቀም፣ ሙሉ በሙሉ አጥፋ። በድንገት ጠፍቶ አልነሳ ወይም እየተንቀራፈፈ ካስቸገረ ሁለተኛውን «ቢፕ» እስክትሰማ ድረስ ማብሪያውን ተጭነህ ቆይ፣ ጆይስቲኩን በገመድ ሰክተህ ከሚመጣው ዝርዝር 5ኛውን፣ ዳታቤዝ መልሶ የሚያደራጀውን ምረጥ። ጌሞቹ አይጠፉም።

በክረምት ነጎድጓድ ሲጀምር ከግድግዳው ንቀለው፣ የዲሽ ገመዱንም ከቲቪው ንቀል። ግፊቱ በዲሹ ገብቶ በቲቪው በኩል አልፎ የኮንሶሉን ኤችዲኤምአይ ቺፕ ያቃጥላል፣ ያን ጊዜ ስታብላይዘርህ ምንም አያደርግልህም።

አዘዞ 90

አዲስ የሚወጡትን ማንም አላነሳቸውም። ፒኤስ 5 ለመግዛት ኳስ ምክንያት አይሆንህም፣ ድብድብ ግን ይሆናል። ዩኤፍሲ 5፣ ተከን 8 እና ሞርታል ኮምባት 1 ለፒኤስ 4 ጭራሽ አልወጡም። ሁለት ሰው አጋጥመህ በየዙሩ የምታስከፍልባቸው እነሱ ናቸው። ጎስት ኦፍ ዮቴይ ዓይነቱ የአንድ ሰው ጌም ነው፣ ለጌም ቤት ወንበር ይዞ ከመዋል ሌላ ጥቅም የለውም።

ጂቲኤ 6ም ለፒኤስ 4 አይወጣም። መጀመሪያ በ2025 መጨረሻ፣ ቀጥሎ ለሜይ 26 ቀን 2026 ተባለ፣ ከዚያ ወደ ኖቬምበር 19 ተገፋ፤ በእኛ ህዳር 10 ቀን 2019 ማለት ነው። ሁለት ጊዜ ለተገፋ ጌም ብለህ ዛሬ ኮንሶል አትግዛ፣ አስቀድመህም አትክፈል።

ፒያሳ ጌም

ገባኝ፣ ስሊም ባለ ሲዲው ከሁለት ጆይስቲክ ጋር። ያገለገለውን በሁለት ሲዲ ፈትሼ ካላለፈ እተወዋለሁ። ቦታው ሲሞላስ ያለኝ 1 ቴራ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ይሠራል?

የቀሃ ልጅ

ዩኤስቢ 3 እና ከ250 ጊጋ በላይ ከሆነ ይሠራል። የፒኤስ 4 ጌሞችን ከሱ ላይ በቀጥታ ትጫወታለህ። የፒኤስ 5ቱን ግን ማስቀመጥ ብቻ ነው፣ ለመጫወት መልሰህ ወደ ውስጥ መገልበጥ አለብህ፤ እሱም ቢሆን 80 ጊጋ እንደገና ከማውረድ ይሻላል። ያገለገለው ትልቁ 825 ጊጋ ይባላል እንጂ ለጌም የሚተርፈው 667 ነው። ኤም.2 ኤስኤስዲ (ኮንሶሉ ውስጥ የሚገጠም ፈጣን ማከማቻ) ለመጨመር ካሰብክ ጄን 4 የሆነ፣ ንባቡ በሰከንድ 5,500 ሜጋ የሚደርስ ምረጥ፣ ሙቀት ማስወገጃ ብረቱም የግድ ነው። ከነብረቱ ውፍረቱ ከ11.25 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ለካ፣ ካለፈ ክዳኑ አይገጥምልህም። ሃርድ ዲስኩን ደግሞ ኮንሶሉ እየበራ አትንቀለው።