ዲዮቅልጥያኖስ ሰገነት ላይ ወጥቶ እጁን ሲያውለበልብ፦ እናጨብጭብለት?

ተጓዧ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ክረምት ከፍራንክፈርት ተነስቼ ክሮኤሽያ፣ ስፕሊት ሄጄ ነበር። የከተማዋ እምብርት የሮማው ንጉሥ የዲዮቅልጥያኖስ ቤተ መንግሥት ነው። አሁንም ሰው ይኖርበታል። ካፌ ተከፍቶበታል፣ ግንቡ ሥር የታጠበ ልብስ ተሰጥቷል። እኩለ ቀን ላይ የሮማ ወታደር ልብስ የለበሱ ልጆች ከበሮ እየመቱ መጡ። ከዚያ "ንጉሡ" ራሱ ብቅ ብሎ እጁን አውለበለበ። ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔም ሳላስበው አጨበጨብኩ! ማታ ግን ከነከነኝ። እናቴ ስንክሳር ሰምታ መጥታ ስትተርክልን በስሙ ብቻ እንቅልፍ ያጣንበት ሰውዬ እኮ ነው። እንዲህ ያለ ሰው የከተማ ጌጥ ሲሆን ነውር አይደለም? ወይስ እኛ አንድ ወገን ብቻ ሰምተን ነው ያደግነው?

ዲያቆኑ፦ እህቴ፣ ቢከነክንሽ አይፈረድብሽም። ሰውየው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ303 ኒቆምድያ (ዛሬ ቱርክ ውስጥ) ያለውን ቤተ ክርስቲያን አስፈረሰ፣ መጻሕፍቱን አስቃጠለ። ቀጥሎ ካህናት ይታሰሩ አለ። በ304 ደግሞ ሁሉም ሰው ለጣዖት ይሠዋ ተባለ። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው የቂሣርያው አውሳብዮስ በላይኛው ግብፅ ሆኖ በዓይኑ ያየውን ጽፏል። በአንድ ቀን ከሚታረደው ሰው ብዛት መጥረቢያው ይደንዝ፣ ገዳዮቹም ደክሟቸው ይፈራረቁ ነበር ይላል። ለዚህ ነው የምናጨበጭበው? ቅዱስ ጊዮርጊስንስ ማን ገደለውና!

ታሪክ ወዳድ፦ ዲያቆን፣ እዚች ላይ ልያዝህ። በእኛ ገድል ጊዮርጊስን ያሠቃየው ዱድያኖስ የሚባል ሌላ ንጉሥ ነው። ዲዮቅልጥያኖስ ነው የሚሉት ሌሎች ናቸው። አየህ፣ ሰውየው ላይ የሌላውም ጥፋት ይለጠፋል።

ዲያቆኑ፦ እሺ፣ እሷን ተቀበልኩ። ዱድያኖስ ነው። የቀረው ግን ንቅንቅ አይልም።

ታሪክ ወዳድ፦ የቀረውንም እንየው። በ284 ሲነግሥ ሮም ምን ላይ ነበረች? ከዚያ በፊት በነበሩት 50 ዓመታት ከ20 በላይ ነገሥታት ተፈራርቀውባታል። አብዛኞቹን የገደላቸው የገዛ ወታደራቸው ነው። ይሄ የድሃ ልጅ ስፕሊት ካለችበት አገር ከድልማጥያ ተነሥቶ 20 ዓመት ገዛ። በ293 ሥልጣኑን ለአራት አካፈለው፤ ሁለት ዋና፣ ሁለት ምክትል። ክፍለ አገሮቹን ከ50 ገደማ ወደ 100 ገደማ አሳደጋቸው፣ ግብሩን እንደገና ሠራው። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን በ305 በገዛ ፈቃዱ ወረደ። ዘውድ አውልቆ ቤቱ የገባ ንጉሥ ጥራ ብትሉኝ ጣቴ አይሞላም። ኋላ ተመልሰህ ንገሥ ሲሉት "የተከልኩትን ጎመን ብታዩ ኖሮ እንዲህ ያለ ነገር አትጠይቁኝም ነበር" አላቸው ይባላል።

ዲያቆኑ፦ ጎመን ተከለ ብለን ልንምረው ነው?

ነጋዴው፦ ሃሃ። እኔ በሃይማኖቱ አልገባም፣ አስተዳዳሪ ነበር የሚለው ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። በ301 የዋጋ ተመን አወጣ። ከ1,000 በላይ ዕቃና አገልግሎት፦ እህል፣ ወይን፣ ጫማ፣ የፀጉር ቆራጭ ክፍያ ሳይቀር። ከተመኑ በላይ የሸጠ ሞት! ምን ሆነ? ዕቃው ከገበያ ጠፋ። መርካቶ ያደገ ሰው ይሄን ለማወቅ መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልገውም። ብሩን ያረከሰው መንግሥት፣ ወንጀለኛው ባለሱቅ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሕጉ ራሱ ተረሳ።

ታሪክ ወዳድ፦ ዕቃው ጠፋ ያለን ላክታንጥዮስ ነው። ላክታንጥዮስ ደግሞ ኒቆምድያ ሲያስተምር የነበረ፣ ስደቱ የደረሰበት ክርስቲያን ነው። መጽሐፉ አሳዳጆቹ እንዴት እንደሞቱ የሚተርክ ነው። ከጠላት አፍ ታሪክ ሲሰማ ትንሽ ቆንጠር ማድረግ ነው።

ነጋዴው፦ ጠላት የተናገረው ሁሉ ውሸት ነው ያለው ማነው? ገበያ ገበያ ነው።

ዝምተኛዋ፦ እስከ አሁን ሳነብ ነበር። ያ ላክታንጥዮስ ራሱ ዋናውን ጥፋት የሚጥለው በምክትሉ በገሌርዮስ ላይ ነው። ሽማግሌው አመንትቶ ነበር፣ ገሌርዮስ ነው የወተወተው ይላል። ጎልን (የዛሬዋን ፈረንሳይ) እና ብሪታንያን የያዘው ሌላው ምክትል ቆስጠንጢዮስ ደግሞ ሕንጻ ከማፍረስ አላለፈም። ዲዮቅልጥያኖስ ከወረደ በኋላም ምሥራቁ ላይ ግድያው ቀጥሏል። የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ጴጥሮስ የተሰየፈው በ311 ነው። ያኔ "አሳዳጁ" ስፕሊት ጎመን እየኮተኮተ ነበር፤ ወይም ሞቷል። ስለዚህ ጭካኔው የአራት ሰዎች ነው፣ ስሙ የአንድ ሰው ሆነ።

ዲያቆኑ፦ አዋጁን ያጸደቀው ማነው ታዲያ? ምክትሌ ወተወተኝ ብሎ ማምለጥ አለ? ይኸው ጸሐፊ ሚስቱን ጵሪስቃንና ልጁን ቫለርያን እንኳ በግድ አሠዋቸው ይላል። በ302 ደግሞ ገና ክርስቲያኖቹ ጋ ሳይደርስ ከፋርስ የመጣ ሌላ ሃይማኖት የሚከተሉትን፣ የማኒን ተከታዮች መሪዎች ከነመጽሐፋቸው እንዲቃጠሉ አዟል። ይሄም የገሌርዮስ ውትወታ ነው?

ዝምተኛዋ፦ ይቺን አልመልስም። ልክ ነህ።

ታሪክ ወዳድ፦ ቁጥሩስ? አንዳንድ ዘመናዊ ተመራማሪዎች በመላው ግዛት የተገደሉትን ከ3,000 እስከ 3,500 ነው የሚያደርሷቸው። እኛ ግን ስንሰማ ያደግነው...

ዲያቆኑ፦ 3,000 ሰው ትንሽ ነው ወንድሜ?

ታሪክ ወዳድ፦ አላልኩም። እሺ፣ አመላለሴ ደስ አይልም።

ዝምተኛዋ፦ እኔን የሚስበኝ ሌላ ነው። የግብፅ ክርስቲያኖች ተረክ ሰውየውን ከድልማጥያ አንሥቶ የራሳቸው የላይኛው ግብፅ ፍየል ጠባቂ አድርጎታል። ስሙም አግሪጳዳ። ወደ አንጾኪያ ሄዶ የንጉሥ ፈረስ ሲጠብቅ የንጉሥ ልጅ ወደደችው፣ ነገሠ። መጀመሪያ ክርስቲያን ነበረ። ኋላ የማረከውን የፋርስ ንጉሥ ልጅ ለሊቀ ጳጳሱ አደራ ይሰጣል። ሊቀ ጳጳሱ ወርቅ ተቀብሎ ልጁን ይለቅና ሞቷል ብሎ በሥጋ ወደሙ ይምላል። ያኔ ነው የካደው ይላሉ። ታሪክ አይደለም፣ ግን አስቡት። ሰውየው ያሠቃያቸው ሕዝቦች የፈጠሩት ተረት ምክንያት ሰጠው! እንዲያውም ከራሳቸው ካህን ጥፋት ጀመሩ። ስፕሊት ካለው ባለ ከበሮ ትርዒት ይልቅ ይሄኛው ተረት ሰውየውን ሰው አድርጎታል።

ነጋዴው፦ ፍየል ጠባቂ ሆኖ ዋጋ ሲተምን... አሁን ገባኝ።

ዲያቆኑ፦ ቀልዱን ተወው። ይሄ ተረክ እኛም ጋ ደርሷል። ፋሲለደስ፣ ገላውዴዎስ፣ ሱስንዮስ የሚሉት ስሞች ከየት መጡ? በስንክሳሩ እነዚህ ከአንጾኪያ ሹማምንት ወገን ሆነው በእሱ ዘመን የተሠዉ ናቸው። ኋላ ነገሥታቶቻችን ወረሷቸው። ጎንደር የፋሲል ግንብ ሥር ፎቶ ስትነሡ የዚያን ሰማዕት ስም እየጠራችሁ ነው።

ታሪክ ወዳድ፦ ጎሽ! እንግዲያው አንዲት ልጨምር። ዓመተ ሰማዕታት የምንለው ቁጥር ከየት ይጀምራል? ከስደቱ ከ303 አይደለም። ከነገሠበት ከ284 ነው፣ ስደቱ ሊጀምር 19 ዓመት ሲቀረው። መጀመሪያ የዲዮቅልጥያኖስ ዘመን ይባል ነበር፣ ኋላ ነው ስሙ ለሰማዕታት የተሰጠው። ከእኛ ዓመት ላይ 276 ቀንሱ፣ ይመጣል። 2017 ዓ.ም. 1741 ነው። ሮም የነበረው መነኩሴ ዲዮናስዮስ ደግሞ በ525 የጨካኝ ንጉሥ ስም አልዘክርም ብሎ ከክርስቶስ ልደት መቁጠር ጀመረ። ፈረንጆቹ ዛሬ የሚቆጥሩት ያንን ነው። ግብፆችና እኛ ግን ቁጥሩን አልጣልነውም። ባለቤቱን ቀየርንበት። ተጓዧ ነውር ነው ወይ ላለችው የእኔ መልስ ይሄ ነው፤ ስፕሊቶችም ትርዒቱን ይቀጥሉ፣ ግን ያንን ስም ማን እንደወረሰው በዚያው ቦታ ይንገሩ።

ተጓዧ፦ ኧረ ቦታው ላይ አለ! አሁን ነው የገባኝ። ከአደባባዩ ጎን ስምንት ማዕዘን ያለው ሕንጻ አለ፣ ካቴድራል ነው አሉኝ። ገብቼ ሻማ አበራሁ። በር ላይ ያለውን ጽሑፍ ግን ሳላነብ ነው የገባሁት።

ዝምተኛዋ፦ እሱ እኮ የዲዮቅልጥያኖስ መቃብር ነበር። ለራሱ ነው ያሠራው። ኋላ ክርስቲያኖቹ ቤተ ክርስቲያን አደረጉትና በ304 በስደቱ ለተገደለው ስፕሊት አጠገብ ለነበረችው ለሳሎና ከተማ ጳጳስ ለዶምንዮስ ሰጡት። የንጉሡ ሣጥን ጠፍቷል። የጳጳሱ መታሰቢያ ግን እዚያው ውስጥ አለ።

ዲያቆኑ፦ ሻማውን የት ጋ ነው ያበራሽው?

ተጓዧ፦ በስተግራ። ማን እንደሆነ ሳላውቅ ተሳልሜ ወጣሁ።

ዲያቆኑ፦ በይ ያቺን ጭብጨባ በዚህ አጣፍተናታል።