«ማንም አልተጎዳም» ላልከው ሰውዬ፦ ስለ ሃተን ጋርደን ሌቦች ፊልም

ሰናይት ዘሌዘር ሌን፦ ሽማግሌ ሌቦች በ2015 (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጆች ነው) በለንደኑ የወርቅ ነጋዴዎች ሰፈር በሃተን ጋርደን ያለውን የአደራ ሣጥኖች ካዝና ዘርፈው ነበር። ትናንት እዚሁ ግሩፕ ላይ ስለዚያ የተሠራውን የ2017ቱን ፊልም «ዘ ሃተን ጋርደን ጆብ» አይቶ «ማንም አልተጎዳም፣ ኢንሹራንስ ይከፍላል፣ ሽማግሎቹን ማድነቅ ነው» ብሎ የጻፈ ሰው አለ። እኔ ዝርፊያው ሲሆንም እዚያው ሰፈር፣ ሌዘር ሌን መንገድ ላይ ቡና እሸጥ ነበር። ከፈረንጆቹ ፋሲካ በኋላ ማክሰኞ ጠዋት ወርቅ ነጋዴዎቹ ፊታቸው አመድ መስሎ ደጅ ቆመው አይቻለሁ።

ብሩክ፦ ሰውዬው እኔ ነኝ፣ ስሜን ጥሪው። አሁንም እላለሁ። ሽጉጥ የለ፣ ቢላ የለ። 50 ሳንቲ ሜትር ኮንክሪት በስተው ሰዎች ንብረት የሚያስቀምጡበትን 73 ሣጥን ከፈቱ። ከሌቦቹ አንዱ ብራያን ሪደር 76 ዓመቱ ነበር፤ በአረጋውያን ነፃ ካርድ አውቶቡስ ተሳፍሮ ለዘረፋ ሄደ! ይሄ ካልተደነቀ ምን ይደነቃል?

ጋሽ መንግሥቱ፦ ካርዱም የሌላ ሰው ነበር። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል።

ሔለን፦ ብሩክ፣ ሌላው ሌባ ቴሪ ፐርኪንስ ማን እንደነበር ታውቃለህ? ሴኪዩሪቲ ኤክስፕረስ በተባለ የገንዘብ አመላላሽ ድርጅት ላይ በተፈጸመው የ1983ቱ ዝርፊያ ዘበኛው ላይ ቤንዚን አርከፍክፈው በክብሪት ነው ያስፈራሩት። ፐርኪንስ በዚያ 22 ዓመት ተፈርዶበታል። «ማንም አልተጎዳም» ይላል ደግሞ!

ብሩክ፦ እሱ ሌላ መዝገብ ነው። እኔ ያወራሁት ስለ 2015ቱ ነው።

ሔለን፦ መዝገቡ ሌላ ይሁን፣ ሰውዬው ያው ነው!

ዳዊት ሲኒማ፦ እኔን ያናደደኝ ሌላ ነው። ፊልም ሠሪዎቹ ሆይ፣ በጀታችሁ ትንሽ ከሆነ እውነቱ በነፃ ተቀምጦላችሁ ነበር እኮ። የመጀመሪያው ሌሊት ግድግዳውን በስተው ሣጥኖቹን የሚገፋው መሣሪያ ተሰበረባቸው። ሪደር ተስፋ ቆርጦ ቀረ፤ የተቀሩት አዲስ ገዝተው ቅዳሜ ተመለሱ። ከሌቦቹ ውጭ ሆኖ ዘብ የቆመላቸው ሰውዬ እንቅልፍ ወሰደው። ከዚህ በላይ ኮሜዲ አለ? እነሱ ግን ይህን ትተው የሃንጋሪ ማፍያ ሴትዮ ፈጥረው አስገቡ። ላሪ ላምብ ሪደርን ሆኖ ሲጫወት ባይኖር ፊልሙን ዘግቼ እተኛ ነበር።

ብሩክ፦ ሴትዮዋ ምን አደረገችህ? ፊልም ነው፣ የፖሊስ ሪፖርት አይደለም።

ሰናይት ዘሌዘር ሌን፦ ወደ ነገሬ ልመለስ። «ኢንሹራንስ ይከፍላል» ላልከው፦ ሣጥን ከተከራዩት ብዙዎቹ ኢንሹራንስ አልነበራቸውም። 14 ሚሊዮን ፓውንድ ከተባለው አብዛኛው አልተገኘም። አንዱ የሚነግድበትን ድንጋይ፣ ሌላው ለጡረታው ያስቀመጠውን ነው ያጣው። ሀብታም የተዘረፈ መስሎህ ነው?

ብሩክ፦ እንግዲያው ፖሊስን ጠይቂ። ደወሉ ጮኾ «መሄድ አያስፈልግም» ብለው የተዉት እነሱ፣ ይቅርታም የጠየቁት እነሱ። የጥበቃው ሰው መጥቶ በሩን ዐይቶ ተመለሰ። አደራ በላዎቹ እነዚያ ናቸው።

ጋሽ መንግሥቱ፦ በዚህስ ልክ ነው። አደራ በላ የሚባለው አደራ የተቀበለ ነው። ሌባ ምን ተቀብሎ?

ሰናይት ዘሌዘር ሌን፦ ጋሼ፣ እርስዎም ከእሱ ጋር ሆኑ?

ጋሽ መንግሥቱ፦ ኧረ እኔ አማርኛውን ነው ያቃናሁት፣ ልጄ። ሌባውማ ሌባ ነው።

ሔለን፦ ለሌቦቹ በ2018 በሌላ ፊልም ታዋቂውን ተዋናይ ማይክል ኬይንን አመጡላቸው። በ2019 የእንግሊዙ ቴሌቪዥን አይቲቪ ተዋናዩን ቲሞቲ ስፖልን ፐርኪንስ አደረገው። ለተዘረፈ ወርቅ ነጋዴ ኬይን የሚመጣለት መቼ ነው?

ብሩክ፦ እሺ፣ «ማንም አልሞተም» ልበል? አሁን ተስማማን?

ሔለን፦ አየኸው ሲያሸሽ! ትናንት «አልተጎዳም» ነበር፣ ዛሬ «አልሞተም» ሆነ። በ1985 ሪደር በተገኘበት ግቢ ውስጥ ፖሊስ ተወግቶ ሞቷል።

ብሩክ፦ በነፃ ተለቋል! ፍርድ ቤት ያለውን አንቺ ልትሽሪው ነው?

ሔለን፦ ከግድያው ነዋ። ከብሪንክስ ማት መጋዘን የተዘረፈውን ወርቅ በማሻሻጥ ግን ታስሯል። ግማሹን ብቻ አታንብብ።

ዳዊት ሲኒማ፦ ስለ ሃንጋሪዋ ሴትዮ ግን ማንም አልመለሰልኝም።

ሰናይት ዘሌዘር ሌን፦ ብሩክ፣ ወንድ ከሆንክ ቅዳሜ ሌዘር ሌን ና። ቡና ጠጥተህ፣ ወርቅ ቤቶቹ ደጅ ቆመህ «ማንም አልተጎዳም» በል።

ብሩክ፦ እመጣለሁ። ቡናውን ማን ይከፍላል?

ዳዊት ሲኒማ፦ ኢንሹራንስ።