ከደብረ ብርሃን ሆነው በቴሌግራም ለሚገዙ፦ የትኛውን ዕቃ ከየትኛው ሻጭ?

በቴሌግራምና በቲክቶክ ልብስ፣ ጫማና ስልክ መግዛት ያስተማምን እንደሆነ ለጠየቃችሁ፣ ከራሴ ልምድ በመነሣት ይህን ጥቆማ አቀርባለሁ።

ብዙዎቻችን የምንፈራው ገንዘባችን ተበልቶ እንዳይቀር ነው፤ እኔን የጎዳኝ ግን በትክክል የደረሰኝ ዕቃ ነው። ባለፈው ክረምት፣ በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ በምትታወቅ ከተማ ተቀምጬ (ለመናገርም ያሳፍራል)፣ ከአንድ የአዲስ አበባ ቻናል ብርድ ልብስ አዘዝሁ። ሙሉውን ዋጋ አስቀድሜ ልኬ መናኸሪያ ላይ ከአውቶቡስ ረዳት ስቀበለው፣ በፎቶው ወፍራም የመሰለው ከጋቢ የሳሳ ሆኖ አገኘሁት። ሻጩ ለመለወጥ አልከለከለም፤ ነገር ግን 130 ኪሎ ሜትር መመለሻውንም ሌላውን ማስመጫውንም እኔው እንድከፍል ስለ ጠየቀ ተውኩት። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት የተገኘበት ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥ ወይም ገንዘቡ እንዲመለስ የመጠየቅ መብት ቢሰጥም፣ ሱቁ የት እንዳለ የማይታወቅ ሻጭን በምን ይዞ መጠየቅ ይቻላል?

ስለዚህ ልብስና ጫማ የምገዛው ዕቃቸውን በቴሌግራም እያሳዩ እዚሁ ከተማ ሱቅ ካላቸው ነጋዴዎች ነው፤ ዋጋቸው ጥቂት ቢወደድም ለክቼ እከፍላለሁ፣ ካልሆነኝም በማግስቱ እመልሳለሁ። የመንዝ በርኖስና ባና ደግሞ ሱፉ በእጅ ተዳብሶ እንጂ በፎቶ አይገዛም። ስልክ ከሆነ *#06# ደውሎ የሚወጣው የስልኩ መለያ ቁጥር በካርቶኑ ላይ ካለው ጋር መመሳሰሉን ሳያዩ ገንዘብ መስጠት አይገባም፤ ይህም ቀድሞ ክፈል የሚለውን ሻጭ ከነጭራሹ ያስቀረዋል።

ከአዲስ አበባ ቻናሎች የማዝዘው እዚህ የማይገኘውንና ቢጠፋም የማያስቆጨኝን ብቻ ነው። የተከታይ ብዛት በገንዘብ ስለሚገዛ አያታልለኝም፤ ቻናሉ የመጀመሪያውን ዕቃ የለጠፈበትን ቀን ወደ ላይ ወጥቼ አያለሁ፣ አስተያየት መስጫውን የዘጋውን እተወዋለሁ፣ ገንዘቡን በባንክ ከመላኬ በፊትም የሚወጣው የባለሂሳቡ ስም ከተነገረኝ የተለየ ከሆነ አቆማለሁ።

ለመሐል ሜዳና ለዓለም ከተማ ሰዎች፣ ዕቃውን መልሶ መላክ ከእኛም ይብስባችኋልና፣ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ሱቁ ድረስ ሄዶ፣ አይቶና ከፍሎ እንዲልክላችሁ ማድረጉን አስቀድማለሁ።