የፕሮባዮቲክ ካፕሱል ከአመጋገብ ጋር ተዳምሮ ለክብደትና ለስኳር ይረዳል?

የጣና ዳሯ፦
ሰላም ለሁላችሁም። እናቴ ዓይነት 2 የስኳር ሕመም ስላለባቸው ሜትፎርሚን ይወስዳሉ፤ ክብደታቸውም ጨምሯል። እዚህ ባሕር ዳር በአንድ የመድኃኒት መደብር፣ ፕሮባዮቲክ የተባለ ካፕሱል ከምግብ ቁጥጥር ጋር ቢወስዱ ክብደታቸው እንደሚቀንስና ስኳራቸውም እንደሚስተካከል ተነገራቸው። ዋጋው ቀላል አይደለም። በእርግጥ ይጠቅማቸዋል ወይስ እንጀራውና እርጎው ይበቃል?

ፋርማሲስቱ፦
እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ካፕሱሉ የሜትፎርሚን ምትክ እንዳልሆነ ለእናትዎ በግልጽ ይንገሯቸው። ፕሮባዮቲክ የሚባሉት በበቂ መጠን ሲወሰዱ ለጤና የሚበጁ ሕያው ተሕዋስያን ናቸው፤ ነገር ግን አንዱ ዝርያ ያሳየው ውጤት ለሌላው ምስክር አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ የጃፓን ጥናት፣ ላክቶባሲለስ ጋሴሪ የተባለው ባክቴሪያ አንድ ዝርያ የገባበትን የረጋ ወተት ለ12 ሳምንታት የጠጡ ሰዎች የሆድ ውስጥ ስባቸው በ4.6 በመቶ ቀንሷል፤ ሆኖም በጥናቱ የተሳተፉት በጠቅላላው 87 ሰዎች ብቻ ነበሩ፣ በ2013 በወጣው ተከታይ ጥናትም መጠጣቱ ሲቆም ውጤቱ እየደከመ መሄዱ ታይቷል። ብዙ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ የሚቀንሰው ክብደት በአማካይ 1 ኪሎ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ማሸጊያው ላይ የባክቴሪያው ሙሉ ስም ከነዝርያ መለያው ካልተጻፈ ገንዘብዎን አያውጡ። ማቀዝቀዣ የሚፈልግ ዓይነት ከሆነም በሚያዝያ ሙቀት መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ እንዳይሆን ይጠይቁ።

የሥነ ምግብ ባለሙያዋ፦
ስለ እንጀራው ልጨምር። በሊጡ ውስጥ ያሉት ተሕዋስያን ምጣዱ ላይ ስለሚሞቱ እንጀራ ፕሮባዮቲክ አይባልም። የጤፍ፣ የምስርና የሽምብራ አሰር ግን ሳይፈጭ ትልቁ አንጀት ይደርስና እዚያ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ሲያብላሉት አጫጭር የስብ አሲዶች ይፈጠራሉ፤ እነዚህም የጥጋብ ስሜት የሚሰጡና ኢንሱሊን እንዲመነጭ የሚያግዙ ሆርሞኖች እንዲለቀቁ ያደርጋሉ። እኔ ብሆን በካፕሱሉ ዋጋ ምስር እገዛበት ነበር። በእኛ አካባቢ የፎገራ ሩዝ ከጤፍ ጋር እየተደባለቀ ስለሚጋገር፣ ለእናትዎ የሩዙን ድርሻ መቀነስ፣ የእንጀራውንም መጠን መለካት ያስፈልጋል።

እርጎ ሕያው ተሕዋስያን አሉት። ነገር ግን ካልፈላ ወተት የረጋ እርጎ ብሩሴሎሲስ የተባለ ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ሊያስይዝ ይችላል፤ ጎምዛዛነቱ ጀርሙን ይገድለዋል ብሎ መተማመን አይቻልም። ወተቱን አፍልተው፣ ለእጅ ለብ እስኪል አቀዝቅዘው፣ በዚሁ መንገድ ከተዘጋጀ እርጎ ሁለት ማንኪያ ጨምረው ይክደኑት። በጾም ወቅት እርጎው ቢቀርም ምስሩና ሽምብራው አይቋረጥም።

የጣና ዳሯ፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ማሸጊያውን አየሁት፤ «ላክቶባሲለስ» ከሚለው በቀር የዝርያ መለያ የለውም። ካፕሱሉን የፈለጉት ሜትፎርሚኑ ሆዳቸውን ስለሚያውካቸው ጭምር ነበር።

ፋርማሲስቱ፦
እንግዲያው ይህንኑ ለሚከታተሏቸው ሐኪም ይንገሩ። መድኃኒቱን ከምግብ ጋር መውሰድ ብዙዎችን ያሳርፋል፤ ካልሆነም ሐኪሙ ቀስ እያለ በሚሟሟው ዓይነት ሊቀይርላቸው ይችላል። እስከዚያው መጠኑን በራሳቸው አይቀንሱ።