ማልታ፣ ጎዞና ኮሚኖ በ7 ሌሊት፦ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናትና የ9 ዓመት ልጅ ይዞ

ጥያቄ፦ እናት_ይዤ

ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ፍራንክፈርት ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ ለጥየቃ መጥተዋል፤ ዕድሜያቸው 68 ነው፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ደረጃ ሲበዛ ይቸገራሉ። ከመስቀል ማግሥት ጀምሮ ለ7 ሌሊት ማልታ ልንወስዳቸው አስበናል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 28 «መላጥያ» የተባለችውን፣ ቅዱስ ጳውሎስ ከመርከብ አደጋ ተርፎ የወጣባትን ደሴት ማየት ምኞታቸው ነው። እኔ፣ ባለቤቴና የ9 ዓመት ልጃችንም አለን።

የእናቴ ቪዛ ጀርመን የሰጠችው የሼንገን ቪዛ ሲሆን የመግቢያው ቁጥር 1 ይላል። ማልታ ሄደው ሲመለሱ ችግር ይገጥማቸዋል? የት ብናርፍ ይሻላል? መኪና መከራየት የግድ ነው? እናቴ ረቡዕና ዓርብ ስለሚጾሙ የሚበሉትስ ይገኛል?

መልስ፦ ሰነድ_አጣሪ

እህቴ፣ ማልታ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2007 መጨረሻ ጀምሮ ሼንገን (በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች ስብስብ) ውስጥ ናት። ከፍራንክፈርት በቀጥታ ስትበሩ እናትሽ ከሼንገን ስለማይወጡ መግቢያው አይቆጠርባቸውም። ቀኑ ግን ይቆጠራል፤ ቪዛቸው ላይ የተጻፈው የቀን ብዛት ማልታ ያሉበትንም ይጨምራል።

ሰው የሚሳሳተው ትኬት ላይ ነው። ርካሽ ሆኖ የሚመጣው በለንደን ወይም በኢስታንቡል የሚዞረው በረራ ነው። በዚያ ከሄዱ ከሼንገን ወጡ ማለት ነው፤ አንዷ መግቢያ ስላለቀች ተመልሰው መግባት አይችሉም። ለንደን ላይ ደግሞ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለመተላለፊያም ቪዛ ይጠየቅበታል። ስለዚህ ቀጥታ በረራ ያዙ፤ መንገዱ 2 ሰዓት ተኩል ያህል ነው። መቀያየር ካለባችሁም ሮም ወይም ቪየና ይሁን።

በአገር ውስጥ በረራ ደረጃ ቢታይም መታወቂያ ብቻ ይዞ መሄድ አይበቃም። እናትሽ ፓስፖርት ከነቪዛውና 30,000 ዩሮ የሚሸፍነውን የጉዞ መድን ይያዙ። አንቺና ባለቤትሽ የጀርመን ዜግነት ከሌላችሁ ፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃድ ሁለቱንም ያዙ። አንዳንድ ርካሽ አየር መንገዶች የአውሮፓ ኅብረት ፓስፖርት የሌለው መንገደኛ በስልኩ ትኬት ቢያወጣም ወደ ጠረጴዛው ሄዶ ሰነዱን እንዲያሳይ ያስገድዳሉ። ያንን ያላደረገ ሰው በሩ ላይ ይመለሳል። ከመነሻው 2 ሰዓት ተኩል ቀድማችሁ ድረሱ።

በነገራችን ላይ የቆዩ ጽሑፎች ውስጥ የምታገኚው «ኤር ማልታ» በመጋቢት 2024 ተዘግቷል፤ የተተካው ኬኤም ማልታ ነው።

መልስ፦ የደሴት_መንገደኛ

ከዚህ በታች ሰዓት የምጽፈው ስልካችሁ ላይ በሚታየው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ማልታ 27 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያላት ትንሽ ደሴት ናት፤ መንገዱ ግን ስለሚጨናነቅ 20 ኪሎ ሜትር በአውቶቡስ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊወስድ ይችላል። ለናንተ የሚሻለው 5 ሌሊት ዋና ከተማዋ ቫሌታ፣ 2 ሌሊት ጎረቤት ደሴቷ ጎዞ ነው። ብዙ ሰው ስሊማን ይመርጣል፤ ባሕር ዳር ነው፣ ሱቅም ሞልቷል። ነገር ግን ከስሊማ ወደ ቫሌታ የሚያሻግረው ጀልባ በ10 ደቂቃ የሚያደርሰው ከተማዋ ሥር ነው፤ ከዚያ ወደ ላይ የሚያወጣው ቀጥ ያለ ዳገትና ደረጃ ነው፣ በዚያ በኩል ሊፍት የለም። ለእናትሽ ጉልበት አይሆንም።

በሌላው ወገን፣ በታላቁ ወደብ በኩል፣ 58 ሜትር የሚወጣ ሊፍት አለ። ከወደቡ ተነስቶ አፐር ባራካ የአትክልት ቦታ ያደርሳል። ወደ ጎዞ በ45 ደቂቃ የሚያደርሰው ፈጣን ጀልባና ከወደቡ ማዶ ወዳሉት ሦስቱ ከተሞች የሚሻገሩት ጀልባዎችም ከሊፍቱ ሥር ናቸው። የባራካው አትክልት ቦታ ላይ ቀን 12፡00 እና 16፡00 ላይ መድፍ ይተኮሳል፤ ልጃችሁ ይወደዋል፣ እናትሽ ግን ድምፁ እንዳያስደነግጣቸው አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ማረፊያ ስትመርጪ ሪፐብሊክ ጎዳና ወይም ከሱ ጎን ያለው የነጋዴዎች ጎዳና አካባቢ፣ ከከተማዋ በር ሳትርቂ ፈልጊ። እሱ የኮረብታው ጀርባ ስለሆነ ሜዳ ነው። ወደ ጎን የሚወርዱት ጎዳናዎች ብዙዎቹ ደረጃ ናቸው። ሕንፃዎቹ አሮጌ ስለሆኑ ሁሉም ሊፍት የላቸውም፤ ከመክፈልሽ በፊት «ሊፍት አለ? ክፍሉ ስንተኛ ፎቅ ነው?» ብለሽ በጽሑፍ ጠይቂ።

ጎዞን መጨረሻ ላይ አታድርጉት። ነፋስ ተነስቶ ጀልባ ቢቆም ወደ ፍራንክፈርት የሚመለሰው በረራ ያመልጣችኋል። 3ኛና 4ኛው ሌሊት ላይ አስገቡት።

መልስ፦ መሪ_ጨባጭ

እኔ ግን መኪና እላለሁ። አራት ሰው ናችሁ፣ አንዷ መራመድ ይከብዳቸዋል። ለአራት ሰው የአውቶቡስ ትኬት በየቀኑ ሲደመርና ፀሐይ ላይ መጠበቁ ሲታሰብ የአነስተኛ መኪና ኪራይ ብዙም አይርቅም።

መልስ፦ የደሴት_መንገደኛ

ወንድሜ፣ ለጎዞ እስማማለሁ፤ ለቫሌታ ግን አይሆንም። የሚነዳው በግራ ነው፣ መንገዱ ጠባብ ነው፣ ቫሌታ ውስጥ ማቆሚያ ማግኘት ከባድ ነው። ነጭ መስመር ለሁሉም፣ አረንጓዴ ለነዋሪ ነው፤ ይህን ሳያውቅ ያቆመ ይቀጣል። የአውቶቡሶቹ መነሻ ደግሞ ከቫሌታ በር ውጭ ስለሆነ ከዚያ የሚሳፈር ብዙ ጊዜ መቀመጫ ያገኛል። መካከል ላይ የሚጠብቅ ነው የሚቸገረው፤ የሞላ አውቶቡስ ሳይቆም ያልፋል፣ ያልሞላውም እጅ ካላሳያችሁት ላይቆም ይችላል። አንድ ትኬት ለ2 ሰዓት ያገለግላል፣ በዚያ ውስጥ መቀያየር ይቻላል። ከአየር ማረፊያ ሻንጣ ይዛችሁ ስትመጡና እናትሽ ሲደክማቸው በስልክ የሚጠራ ታክሲ ያዙ፤ ቦልትና ኡበር ሁለቱም ይሠራሉ።

ጎዞ ላይ አውቶቡሱ ብዙውን መስመር በሰዓት አንድ ጊዜ ያህል ነው፣ አብዛኛውም ቪክቶሪያ ከተማ ገብቶ ይወጣል። እዚያ ለሁለቱ ቀን መኪና ተከራዩ፤ ከጎዞ ወደብ ከኢምጃር አካባቢ ብትወስዱት መኪና በጀልባ የማሻገር ወጪ አይኖርባችሁም።

መልስ፦ ድንጋይ_ወዳድ

የቦታዎቹን ነገር በእናትሽ ጉልበት መዝኜ ልንገርሽ።

የቅዱስ ዮሐንስ ካቴድራል የግድ ይታይ። ሠዓሊው ካራቫጆ በ1608 የሳለው የመጥምቁ ዮሐንስ አንገት መቆረጥ እዚያው ነው። ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት፤ የእናትሽ ነጠላ ይበቃል። ቀጭን ተረከዝ ያለው ጫማ አይገባም፤ ወለሉ በሙሉ የባላባት መቃብር የተሸፈነበት ዕብነ በረድ ስለሆነ ይጎዳዋል። እሑድ ለጎብኚ ዝግ ነው።

በግንብ የታጠረችው ጥንታዊቷ ከተማ ኢምዲና ሜዳ ናት፣ መኪና እምብዛም አይገባባትም፣ መግቢያው ነፃ ነው፤ ከቫሌታ 51፣ 52 ወይም 53 ቁጥር ይወስዳል። ከበሯ ውጭ ያለው ራባት ውስጥ የቅዱስ ጳውሎስ ዋሻ አለ። ቅዱሱ ደሴቲቱ ላይ በቆየበት 3 ወር እዚያ እንደኖረ የአገሩ ሰው ያምናል። ወደ ዋሻው የሚወርደው ደረጃ አጭር ነው፤ ክንዳቸውን ይዛችሁ ቀስ ብለው ይወርዳሉ። የቅዱስ ጳውሎስ ካታኮምብ የሚባሉት የመሬት ውስጥ መቃብሮች ግን ቁልቁል ደረጃቸው ጠባብ ነውና ለእናትሽ ተዉት።

ሃል ሳፍሊየኒ የተባለውን የመሬት ውስጥ መቅደስ ሁሉም ይመክርሻል። በቀን 80 ሰው ብቻ፣ በአንድ ዙር 10 ሰው ነው የሚገባው። ምክንያቱ የጎብኚው ትንፋሽና እርጥበት ግድግዳው ላይ ያለውን ቀይ ቀለም ስለሚያጠፋ ነው። ትኬቱ ከወራት በፊት ያልቃል፣ ውስጡም ደረጃ ነው። ከዚያ የወጣችው «የተኛችው እመቤት» የምትባለው ትንሽ የሸክላ ምስል ቫሌታ ሪፐብሊክ ጎዳና ላይ ባለው የአርኪዮሎጂ ሙዚየም ስላለች እሷን አሳዩአቸው።

ከጥንታውያኑ የድንጋይ ቤተ መቅደሶች ለእናትሽ የሚመቸው ጎዞ ያለው ጅጋንቲያ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 3600 ዓመት ገደማ የተሠራ ሲሆን መሄጃው የተስተካከለ ነው። ማልታ ላይ ካሉት ሐጃር ኢም ጥሩ ነው፤ ከሱ 500 ሜትር ያህል ታች ያለው ምናይድራ ግን መውረዱ ቀላል፣ መመለሻው ዳገት ነው። አባትና ልጅ ይውረዱ፣ አንቺና እናትሽ በጥላው ሥር ቆዩ።

ጥያቄ፦ እናት_ይዤ

እግዚአብሔር ይስጥልን። ልጄ ትንሿ ደሴት ኮሚኖ ላይ ያለውን ሰማያዊ ውኃ በቪዲዮ አይቶ ሌላ ነገር አይሰማም። ጎዞ ላይ ደግሞ የድንጋይ መስኮት የሚመስለውን ቅስት ማየት ይፈልጋል።

መልስ፦ የደሴት_መንገደኛ

የድንጋዩ ቅስት በአውሮፓ አቆጣጠር ማርች 8 ቀን 2017 በማዕበል ፈርሷል፤ የማስታወቂያ ፎቶዎች ግን አሁንም ያሳዩታል። ለልጁ አስቀድማችሁ ንገሩት። እዚያው ድዌይራ ትናንሽ ጀልባዎች ከውስጠኛው ሐይቅ ተነስተው በዓለት ዋሻ ውስጥ ወደ ክፍት ባሕር ይወጣሉ፤ እሱ ያካክሰዋል።

ለኮሚኖው ሰማያዊ ሐይቅ ከ2025 ጀምሮ በኢንተርኔት የሰዓት ቦታ ማስያዝ ያስፈልጋል። ክፍያ የለውም፤ በስልክ የሚመጣውን ኮድ አሳይታችሁ የእጅ ማሰሪያ ትቀበላላችሁ። የጀልባው ትኬት ከዚህ የተለየ ነው፣ አንዱን ይዞ ሌላውን የረሳ ሰው ይመለሳል። የጠዋቱን ያዙ። ቦታው አሸዋ የሌለው ዓለት ነው ማለት ይቻላል፣ ጥላም የለም። አባትና ልጅ ሄደው ይመለሱ፤ እናትሽ ሜሊየሃ ትልቁ የባሕር ዳርቻ ቢቀመጡ ይሻላል። 41 እና 42 ቁጥር አጠገቡ ያልፋሉ፣ ውኃውም ሩቅ ድረስ ጥልቀት የለውም።

ኮሚኖን የአገሩ ሰው «ከሙና» ይላታል፤ እኛው የምናውቀው ከሙን ነው ስሟ። ቋንቋቸው ሴማዊ ስለሆነ እናትሽ ባሕርን «ባሐር»፣ ደምን «ደም»፣ ራስን «ራስ» ሲሉ ሰምተው መደሰታቸው አይቀርም። የአውቶቡስ ጽሑፍ ለማንበብ ይህን ያዙ፦ ኤክስ «ሽ» ይባላል፣ ኪው ጉሮሮ ላይ ተውጦ ይቀራል፣ ጄ «የ» ነው፣ ነጥብ ያለባት ሲ «ች» ናት። የዓሣ አጥማጆቹን መንደር «ማርሳክስሎክ» ብላችሁ ብትጠይቁ ሹፌሩ ግራ ይጋባል፤ «ማርሳሽሎክ» በሉ።

መልስ፦ ጾመኛዋ

እህቴ፣ የጾሙ ነገር አያስጨንቅሽ። «ቢጊላ» የሚባል የደረቀ ባቄላ ተቀቅሎ፣ ተፈጭቶ፣ በነጭ ሽንኩርትና በወይራ ዘይት የሚቀርብ አለ፤ ከፉላችን ብዙ አይርቅም። «ሖብዝ ቢዝዘይት» ዳቦ በዘይትና በቲማቲም ነው፤ ቱና ስለሚጨምሩበት «ያለ ቱና» በይ። «ካፑናታ» የአትክልት ወጥ ነው።

መጠንቀቅ ያለብሽ «ፓስቲዚ» ላይ ነው። በየመንገዱ የሚሸጥ ትኩስ ቂጣ መሰል ሲሆን፣ አንዱ በአተር ሌላው አይብ በሚመስለው በሪኮታ ይሞላል። የአተሩን አይቶ ጾም ነው የሚል ብዙ ነው። ሊጡ ግን በባህላዊው አሠራር በአሳማ ሞራ የሚሠራ ነው፤ ዛሬ ብዙ ቦታ ማርጋሪን ቢጠቀሙም ሳትጠይቂ አትግዢ። በፍስክም ቀን ቢሆን «ፌኔክ» የሚለውን አትዘዢላቸው፣ ጥንቸል ነው። ዓሣ ከፈለጉ በዚያ ወቅት ትኩስ የሚሆነው ላምፑኪ ነው።

የቧንቧው ውኃ አብዛኛው ከባሕር ተጣርቶ የሚመጣ ሲሆን ጤናማ ነው፣ ጣዕሙ ግን ጨው ይላል። የታሸገ ስትገዢ በየጠርሙሱ 10 ሳንቲም ማስያዣ ይጨመራል፤ ባዶውን ማሽን ውስጥ ስትከቺ ይመለስልሻል።

መልስ፦ ነፋስ_ተከታይ

ማንም ያላነሳው ነፋሱ ነው። የደሴቶቹን የቀን ዕቅድ የሚያፈርሰው እሱ ነውና ማታ ማታ የነገውን አቅጣጫ ተመልከቱ። ብዙ ጊዜ የሚነፍሰው ከሰሜን ምዕራብ ነው፤ ያን ቀን ሜሊየሃንና ኮሚኖን ትታችሁ ወደ ደቡብ፣ በጀልባ ወደሚጎበኘው ሰማያዊው ዋሻ ሂዱ። ከደቡብ ምሥራቅ ሲመጣ ተቃራኒውን አድርጉ። ከሰሜን ምሥራቅ ሲሆን የታላቁ ወደብ አፍ በዚያ በኩል ክፍት ስለሆነ ፈጣኑ የጎዞ ጀልባ ሊሰረዝ ይችላል፤ ጳውሎስን ያንገላታው ዐውሎም ከዚያው ወገን የመጣ ነው። ፈጣኑ ቢቆም ትልቁ መኪና ጫኝ ጀልባ ብዙ ጊዜ ይሠራል። በማልታ ሰሜን ጫፍ ካለው ከቺርኬዋ ወደብ ተነስቶ በ25 ደቂቃ ይሻገራል፣ ሌሊትም አይቋረጥም።

መስከረም ማለቂያ ላይ የመጀመሪያው ዝናብ በድንገት ይወርዳል። በዚያ ሰዓት ኢምሲዳና ቢርኪርካራ በኩል ያለው መንገድ በጎርፍ ይሞላል፤ ወደ አየር ማረፊያ የምትሄዱ ከሆነ አንድ ሰዓት ጨምሩ።

ጥያቄ፦ እናት_ይዤ

ይህን አወጣሁ፦ 1ኛ ቀን መድረስና ባራካ። 2ኛ ካቴድራልና ሙዚየም። 3ኛ በፈጣኑ ጀልባ ወደ ጎዞ፣ ጅጋንቲያ። 4ኛ ድዌይራ። 5ኛ መመለስ፣ ማታ ዕረፍት። 6ኛ ኢምዲናና የጳውሎስ ዋሻ። 7ኛ ኮሚኖና ሜሊየሃ። 8ኛ በረራ። የረሳሁት አለ?

መልስ፦ የደሴት_መንገደኛ

ኮሚኖን ወደ 4ኛው ቀን አምጪው። ከኢምጃር ወደብ ኮሚኖ ቅርብ ናት፤ አባትና ልጅ በጠዋት ደርሰው ይመለሱ፣ ከሰዓት አራታችሁም በመኪናው ድዌይራ ትሄዳላችሁ። 7ኛው ቀን ለሐጃር ኢምና ለሰማያዊው ዋሻ ይሁን። ነፋሱ ካስገደደ ሁለቱን ትቀያይራላችሁ፤ በዚያ ጊዜ የኮሚኖውን የሰዓት ቦታ እንደገና ማስያዝ እንዳትረሺ።

ሶኬቱ የእንግሊዝ ባለ ሦስት ጥርስ ነው፣ የጀርመን ቻርጀር አይገባበትም፤ ሁለት መቀየሪያ ያዙ። በትልቁ ጀልባ ከተመለሳችሁም ቺርኬዋ ላይ ስትሄዱ የሚከፈል የለም፤ ክፍያው ስትመለሱ ኢምጃር ላይ ነው። ሲሄዱ ማንም ስላልጠየቃቸው ነፃ መስሏቸው መሳፈሪያው ላይ ተሰልፈው የሚመለሱ ብዙ ናቸው፤ መጀመሪያ ትኬት መስኮቱ ጋ ሂዱ።

ጥያቄ፦ እናት_ይዤ

ቀይሬዋለሁ። ትኬቱን ዛሬ ማታ ቀጥታውን እቆርጣለሁ።